በመረሬ አፈር ላይ ጓሮ ማዘጋጀት፦ መደብ፣ የዝናብ ውሃ በርሜልና የቡና ዳስ በገዛ እጅ

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ከአያት ወደ አራብሳ ወይም ከጀሞ አልፎ ወደ ሰበታ በሚወስደው አቅጣጫ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው፣ በመጀመሪያው ክረምት ጓሮው ውስጥ የገባ ጫማ ከነጭቃው ሁለት ኪሎ ሆኖ እንደሚወጣ ይማራል። በበጋ ያው አፈር ደርቆ ይሰነጠቅና ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ይህ በአማርኛ መረሬ ወይም ዋልካ፣ በኦሮምኛ ደግሞ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲሆን፣ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ዓይነት በብዛት ስለያዘ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከእንጦጦ ግርጌና ከቡራዩ በላይ ባሉት ተዳፋቶች ቀይ አፈር የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከዚህ በታች ከተጻፈው ውስጥ ስለ ማፋሰሻና ስለ መሠረት የሚናገረውን ቀለል አድርጎ ሊያልፈው ይችላል።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ወለል አስለስኜ ነበር። ሥራው በሚያዝያ አለቀ፤ በነሐሴ አንደኛው ጥግ ተነሣ፤ በጥር ደግሞ መሐሉ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ግንበኛው ሲሚንቶ አሳንሶብኛል እያልኩ ስወቅሰው ከረምኩ፤ በኋላ ፈንቅዬ ሳነሣው ግን ወለሉ ደህና ውፍረት ያለው፣ ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ በአንድ በኩል ርሶ ያበጠ፣ በሌላው በኩል ደርቆ የሸሸ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በጓሮዬ የሠራሁት ነገር ሁሉ ከአፈሩ ጋር መላወስ የሚችል ነው፤ ብሎኬቱ ያለ ሲሚንቶ ይደረደራል፣ ድንጋዩ በአሸዋ ላይ ይነጠፋል፣ ምሰሶውም በየራሱ እግር ላይ ይቆማል።

ከመቆፈር በፊት

የመጀመሪያው ሥራ አካፋ አይፈልግም። ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘው ወጥተው ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚተኛ ይመልከቱ፤ ዝናቡ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላም ውሃ ያቆረበትን ቦታ ሁሉ ችካል እየተከሉ ምልክት ያድርጉበት። ወቅቱ በጋ ከሆነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት፤ እሱ ከሰረገ በኋላ እንደገና ይሙሉትና ሰዓት ይያዙ። ደረቅ መረሬ የመጀመሪያውን ውሃ በስንጥቁ እየጠጣ ስለሚያታልል፣ የሚታመነው ሁለተኛው ሙሌት ነው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ውሃው አሁንም ጉድጓዱ ውስጥ ከተገኘ፣ ያለ ማፋሰሻ ቦይ ምንም ነገር መትከል ትርፉ ድካም ነው።

ለቁፋሮ የሚስማማው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አፈሩ የክረምቱን ርጥበት ገና አልጨረሰም፣ ግን መጣበቁን ትቷል። ከዚያ በፊት ከአካፋው አይላቀቅም፤ ከየካቲት በኋላ ደግሞ ዶማው ከድንጋይ እንደተጋጨ ይነጥራል። ለማረጋገጥ አንድ ጭብጥ አፈር ጨብጠው በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ተፈረካክሶ ከወደቀ ጊዜው ነው፤ እንደ ሊጥ ተጣብቆ የጣት ምልክት ከያዘ ግን አንድ ሳምንት ይታገሡ፤ ምክንያቱም እርጥብ መረሬ ሲረገጥና ሲገለበጥ ተጠቅጥቆ እንደ ጡብ ይደርቃል።

ማፋሰሻው ቦይ

ቦዩ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፣ ውሃ በሚተኛባቸው ችካሎች በኩል አልፎ፣ ወደ መንገድ ዳር ቦይ ወይም ወደ ጓሮው ዝቅተኛ ጥግ መውጣት አለበት። ወደ ጎረቤት አጥር አይልቀቁት፤ የሰው አጥር ማራስ ከዕድር ባያሰርዝም ለዓመታት ሰላምታ ያሳጣል። ወደ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድም አይምሩት፤ ክረምት ላይ ጉድጓዱን ያስሞላዋል።

ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር እየዘቀጠ መሄድ አለበት፤ ማለትም አሥር ሜትር ቦይ ከመነሻው እስከ መድረሻው አሥር ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ዓይን በዚህ ነገር አይታመንም። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው፣ ውስጡ የአየር አረፋ እንዳልቀረ አይተው፣ አንዱን ጫፍ እርስዎ፣ ሌላውን ጫፍ የቤት ሰው ይያዝ፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ በሁለቱ ችካሎች ላይ በዚያ ልክ ምልክት አድርገው ክር ይወጥሩና ጥልቀቱን ከክሩ ወደ ታች እየለኩ ይቆፍሩ።

ከተቆፈረ በኋላ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ውሃ አሳላፊ ጨርቅ በቦዩ ወለልና ግድግዳ ላይ ያንጥፉ። ይህ ካልተገኘ የተሸመነ የማዳበሪያ ከረጢት ተተርትሮ ይሠራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደቃቅ አፈር እየተደፈነ ስለሚመጣ ግን የዘላለም መፍትሔ አይደለም። በላዩ አምስት ሴንቲ ሜትር ጠጠር አፍስሰው፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ የተበሳ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ቀዳዳው ወደ ታች እንዲዞር አድርገው ያጋድሙ፤ ቀሪውን እስከ አፉ በጠጠርና በድንጋይ ይሙሉት። አሥር ሜትር ቦይ ወደ 1.2 ሜትር ኩብ ድንጋይና ጠጠር ይበላል፤ ከቤት ግንባታ የተረፈ የተሰባበረ ብሎኬትም ከሥር ሊገባ ይችላል። አፉን በአፈር አይድፈኑት፤ ክፍት የሆነ ድንጋይ ከላይ የሚንሸራተተውን ውሃም ይቀበላል።

መደቡ

አፈርን ከፍ አድርጎ ውሃን በጎን ማሸሽ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ የመረሬ ማሳውን በእጅ እየዛቀ ሰፋፊ መደብ ያወጣል፤ ውሃው በመካከሉ ባለው ቦይ ይሄዳል፣ እህሉም ከፍ ባለው ላይ ይበቅላል። እኛ በጓሯችን የምናደርገው ያንኑ ሲሆን፣ ልዩነቱ ዙሪያውን በብሎኬት መያዛችን ብቻ ነው።

ለአንድ መደብ 40 በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ 32 ብሎኬት ይበቃል። የውጭ ልኩ 2.4 ሜትር በ1.2 ሜትር ስለሚሆን ከየትኛውም ጎን ቆሞ እስከ መሐሉ እጅ ይደርሳል፤ መደብ ላይ መውጣት አያስፈልግም፣ መውጣትም አይገባም። ሲገዙ የብሎኬቱ ቀዳዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የዘለቀ መሆኑን ይመልከቱ፤ አንዱ ጫፍ የተደፈነ ከሆነ በፌሮ ቁራጭና በመዶሻ ቀስ ብለው ይብሱት። ይህን ለምን እንዳልኩ ወደ በኋላ ይታያል።

ቦታውን በአራት ችካልና በክር ከለኩ በኋላ ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች ከጥግ ጥግ ይለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ማዕዘኑ ተንጋዷል ማለት ነው። ብሎኬቱ በሚቀመጥበት መስመር ብቻ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) ወይም ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይሙሉበትና ውሃ እየረጩ ይጠቅጥቁት፤ ለመጠቅጠቂያ የወፍራም አጠና ቁራጭ ይበቃል። በዚህ ላይ የመጀመሪያውን ረድፍ ይደርድሩ፦ በረጅሙ ጎን ስድስት ስድስት፣ በአጭሩ ጎን ደግሞ በመካከል ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 16። ሁለተኛው ረድፍ መጋጠሚያው እንዳይገጥም ተገላብጦ ይሠራል፤ አጭሩ ጎን ሦስት ሦስት ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ረጅሙ ጎን በመካከሉ አምስት አምስት ይይዛል፤ እንደገና 16። ብሎኬት መቁረጥ የለም፤ ሲሚንቶም የለም። እያንዳንዱን ብሎኬት በውሃ ልክ እያዩ ያስተካክሉ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያባከኑት አንድ ሰዓት ሁለተኛው ላይ ይመለሳል።

በመደቡ ውስጥ ያለውን መሬት አንድ አካፋ ጥልቀት ያህል ይቆርቁሩት እንጂ ጠጠር አያንጥፉበት። ከሥር ጠጠር ማድረግ ውሃ ያወርዳል የሚለው ልማድ የተሳሳተ ነው፤ ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ሥሩን ያበሰብሳል።

ውስጡ 0.64 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ አፈሩ ስለሚሰጥም 0.75 ያህል፣ ማለትም በ20 ሊትር ባልዲ 38 ባልዲ ያዘጋጁ። ግማሹ ቀይ አፈር፣ ሩቡ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ቢያንስ ስድስት ወር የተቀመጠ ፍግ፣ ሩቡ ደቃቅ ሬድ አሽ ይሁን። ቀይ አፈር ማምጣት ካስቸገረ መረሬውን ራሱን መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ኮምፖስቱን እጥፍ ያድርጉት። ጥቂት አሸዋ ጨምሮ መረሬን ማለስለስ አይቻልም፤ የሚያለሰልሰው የበሰበሰ ነገር ነው። ለኮምፖስቱ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ጭድና ደረቅ ቅጠል ሁሉ ይሆናል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይግባ፤ በውስጡ ያለው ቅመም ሌላውን ተክል እንዳያድግ ያደርጋል። በእኛ ብርድ ክምሩ ለመብሰል ሦስት አራት ወር ይፈጃል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሸራ ካላለበሱት ዝናቡ አቀዝቅዞ ያገማዋል።

አሁን ወደ ብሎኬቱ ቀዳዳ እንመለስ። የላይኛውን ረድፍ ቀዳዳዎች በዚያው አፈር ሲሞሏቸው በመደቡ ዙሪያ ብዙ ትናንሽ ማሰሮዎች ያገኛሉ። እዚያ አፈሩ ቶሎ ስለሚደርቅ ደረቅ ሥር የሚወዱት ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል በጣም ይመቻቸዋል፤ ኮሰረትም ይሆናል። በሶብላ በክረምቱ መጨረሻ ያምራል፣ ግን ውርጭ አይችልም። ናና በመደቡም በቀዳዳውም አይግባ፤ ሥሩ ሁሉንም ይወርሳልና በጣሳ ለብቻው ይቀመጥ። ጤና አዳም ሲገርዙ እጅዎን ይሸፍኑ ወይም በማታ ይሥሩት፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ከመታው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃም ያቋጥራል።

በመደቡ ውስጥ ከመስከረም ጀምሮ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይዘሩ። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ይቆዩ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲያድር፣ በተለይ ቀዝቃዛ አየር በሚጠራቀምበት ሜዳማ ቦታ፣ አመዳይ ይወርዳል፤ አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል። ከጥር መጨረሻ በኋላ ቢተከሉ ይሻላል። የዘሩት ሲበቅል በመካከሉ የጤፍ ጭድ ይጎዝጉዙ።

የመኪና ጎማ ቀለም ቀብቶ መትከያ ማድረግ በየሰፈሩ ተለምዷል፤ ለአበባ አልቃወምም፣ ለሚበላ ነገር ግን ጎማው ውስጥ ያለው ኬሚካል ስለማላምነው አልጠቀምበትም።

የጣሪያው ውሃ

በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስምንት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጎን አሥር ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 400 ሊትር ያወርዳል፤ የሚረጨውና የሚፈስሰው ተቀንሶ 320 ያህል ይገኛል። ስለዚህ የ200 ሊትር በርሜል በአንድ ደህና ዝናብ ይሞላል። ሐምሌ ላይ ይህ ውሃ ምንም አይፈይድም፤ የሚጠቅመው በበልግና በጥቅምት በሚጥሉት ነጠላ ዝናቦች ሲሆን፣ ለአንዱ መደባችን በቀን ስምንት ሊትር ቢያጠጡ ሙሉ በርሜል 25 ቀን ያደርሳል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም።

በርሜሉን ሲገዙ ምን ተይዞበት እንደነበር ይጠይቁ፤ የምግብ ዘይት ወይም ጭማቂ የነበረበት ይሻላል፣ ሻጩ በግልጽ ካልነገረዎት ይተዉት። ሙሉው ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን መቀመጫው በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ላይ የተደረደረ ብሎኬት፣ ሦስት ረድፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሁን፤ ባልዲ ከቧንቧው ሥር በምቾት ይገባል። ቧንቧውን ከበርሜሉ ወለል አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይግጠሙ፣ ዝቃጩ ከሥር ይቀራል። አፉን በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ። ከአፉ ዝቅ ብሎ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ትርፍ ማውጫ ይግጠሙና ወደ ማፋሰሻው ቦይ ይምሩት፤ ይህ ከተረሳ በርሜሉ ሞልቶ ራሱ የቆመበትን መሬት ያርሳል። ከበጋ በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያ ዝናብ የወፍ ኩስና አቧራ ስለሚያወርድ፣ ከአሸንዳው የሚወርደውን ቱቦ ወደ ጎን አዙረው ያሳልፉት። ውሃው ለተክል እንጂ ለመጠጥ አይደለም።

ዳሱ

ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ለሆነ ዳስ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ 2.6 ሜትር የሚረዝሙ አራት ቋሚ የባሕር ዛፍ እንጨቶች፣ ለጠርዙ አራት ባለ 3.4 ሜትር፣ ለላይ ደግሞ ስምንት ቀጫጭን አጠና ያስፈልጋል። ቅርፊታቸውን ልጠው በጥላ ሥር ከመሬት አንሥተው ቢያንስ ሁለት ወር ያድርቋቸው፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ምስማሩንም ይለቃል።

እንጨትን በቀጥታ መሬት ውስጥ መቅበር ቀላሉ መንገድ ነው፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ግን መሬቱ አፍ ላይ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል፤ ዘይቱ ወደ አፈሩ ስለሚገባ የጓሮ አትክልት ባለበት አልመክረውም። የተሻለው እንዲህ ነው፦ አራት ባዶ የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ይፈልጉ፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር አቡክተው ይሙሏቸው፤ በየመሐላቸው 50 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይትከሉ፣ 20 ሴንቲ ሜትሩ ከላይ ይቅር። ለሰባት ቀን ውሃ እያጠጡ ያቆዩአቸው። ከዚያ 50 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሬድ አሽ ላይ ያስቀምጧቸው፤ አናታቸው ከመሬት ጥቂት ከፍ ማለት አለበት፣ ባልዲው አጭር ከሆነ ከሥር ሬድ አሹን ይጨምሩ። ክረምት ሲመጣ አንደኛው እግር አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢነሣ ዳሱ በጥቂቱ ያጋድላል እንጂ አይሰነጠቅም፤ በጥቅምት ከሥሩ ሬድ አሽ ጨምሮ ወይም ቀንሶ ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የምሰሶውን ግርጌ መሐል በ14 ሚሊ ሜትር መብሻ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል በስተው ፌሮው ላይ ያቁሙት፤ እንጨቱ ሲሚንቶውን ስለማይነካ ውሃ ከሥሩ አያድርም። በቱንቢ ቀጥ መሆኑን አይተው በጊዜያዊ ድጋፍ ይያዙት። የጠርዙ እንጨት የሚያርፍበትን የምሰሶ አናት በመጋዝ ጎድጉደው በቡሎን ያሥሩ፤ በእያንዳንዱ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰያፍ ድጋፍ ይምቱ። እግሩ ጠልቆ ስላልተቀበረ ዳሱን ከንፋስ የሚያቆመው ይህ ሰያፍ ነው፤ ሳይዘለል ይሠራ። ከላይ አጠናውን በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ደርድረው በምስማርና በሽቦ ያሥሩ። ለጥላ ፓሽን ፍሩት በፍጥነት ይወጣበታል፣ በውርጭ የመጎዳት ዕድል ግን አለው፤ ወይን ወይም ተሳቢ ጽጌረዳ ዘግይቶም ቢሆን ይጸናል።

ለወለሉ ከኮብልስቶን ሥራ የተረፈ ድንጋይ ካገኙ ሌላ አይፈልጉ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥቁር አፈር አውጥተው 15 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ ጠቅጥቀው፣ አምስት ሴንቲ ሜትር አሸዋ አንጥፈው፣ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቅዝ አድርገው ድንጋዩን በመዶሻ እየመቱ ይትከሉ፤ ክፍተቱን በአሸዋ ይጥረጉበት። የወጣውን ጥቁር አፈር ከአጥሩ ሥር ይበትኑት። የከሰል ምድጃ የሚቀመጥበትን አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ንፋሱ ጭሱን ወደ ቤት በማይመልስበት ጥግ፣ ከምሰሶው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ያድርጉ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ማፋሰሻው ቦይ በጓሮው ጥግ የሚያበቃ ከሆነ፣ ያ ጥግ ሁልጊዜ ርጥበት ስለማያጣ ለአትክልት አይሆንም፤ ለቄጤማ ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ወንዝ ዳር ከሚበቅለው ጥቂት ከነሥሩ ነቅለው በአንድ ስንዝር ርቀት ይትከሉ። በበጋ የልብስ ማጠቢያው ሁለተኛ እጥበት ውሃ ይበቃዋል። ሲደርስ በማጭድ ከመሬት አራት ጣት ትተው ይጨዱት፤ እንደገና ያቆጠቁጣል። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ታጭዶ በዳሱ ሥር የሚጎዘጎዘውን ከገዛሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል።